በአዲስ አበባ ባሮች ዲጄ ሆኖ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡትን ጥያቄዎች በሙያው ለመሰማራት የሚያስቡ ወጣቶች፣ የልጃቸው የሌሊት ሥራ የሚያሳስባቸው ወላጆችና ባር ለመክፈት የሚያቅዱ ሰዎች አዘውትረው ያነሷቸዋል። መልሶቹ የተጻፉት በአንድ እምነት ላይ ተመሥርተው ነው፦ የባር ዲጄነት ችሎታ የሚጠይቅ የሌሊት ሥራ ነውና እንደ ማንኛውም ሥራ ሊከበር፣ በአግባቡ ሊከፈልበትና የሠራተኛው ጤና ሊጠበቅበት ይገባል።

የባር ዲጄ ሥራ ምን ምን ያካትታል?

ዲጄው ደንበኛ መግባት ከሚጀምርበት ሰዓት አንሥቶ ባሩ እስኪዘጋ ድረስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ወይም 8 ሰዓት፣ ሙዚቃውን ይመርጣል፣ ያቀላቅላል፣ የድምፁንም መጠን ይቆጣጠራል። በብዙ ባሮች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ስክሪኖችም የእርሱ ኃላፊነት በመሆናቸው፣ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ክሊፑንም አዘጋጅቶ መቅረብ ይጠበቅበታል። ከዚህ በተጨማሪ የልደት በዓል የሚያከብር ቡድን ሲመጣ በማይክ እንኳን ደስ አላችሁ የሚለው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ሰውን የሚያረጋጋው፣ የሚዘጋበት ሰዓት ሲደርስም ደንበኛ ሳይከፋ እንዲወጣ ቤቱን ቀስ እያለ የሚያቀዘቅዘው እርሱ ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው የማይታየው ዋናው ችሎታ ግን ጊዜን ማወቅ ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የሚመጣው ደንበኛ ራቱን እየበላ ከጓደኛው ጋር መጫወት የሚፈልግ ስለሆነ፣ ሙዚቃው ወሬውን ሳይሸፍን ከሥር ሊሄድ ይገባል። ሰው እየበዛና መጠጡ እየሠራ ሲሄድ ፍጥነቱና ድምፁ ደረጃ በደረጃ ከፍ ይላል። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱን በአንድ ጊዜ አሙቆ የጨረሰ ዲጄ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የሚያስከትለው ነገር ያጣል። የባሩ ባለቤት ምሽቱን የሚመዝነው በሽያጭ ነውና ዲጄው ይህንንም ማሰብ አለበት፤ ሰው ሁሉ ለሁለት ሰዓት ያለማቋረጥ ቢጨፍር መጠጥ የሚያዝ አይኖርም፤ ሁሉም ቢቀመጥ ደግሞ ቶሎ ሒሳብ ከፍሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጥሩ ዲጄ ሰውን ለሃያና ሠላሳ ደቂቃ አስጨፍሮ፣ ለስለስ ያለ ዘፈን ያስከትልና ወደ መቀመጫው ይመልሰዋል፤ አስተናጋጆቹም በዚያ ክፍተት ትእዛዝ ይቀበላሉ። ይህን አካሄድ የሚያውቅ ዲጄ በባለቤቱም በአስተናጋጆቹም ዘንድ ተፈላጊ ነው።

ከክለብና ከሠርግ ዲጄ በምን ይለያል?

ክለብ የሚሄድ ሰው ለመጨፈር ወስኖ የሄደ ነው፤ ሠርግ ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ አስቀድሞ የታወቀ፣ እንግዳውም የአንድ ቤተሰብ ወዳጅ ነው። ባር ውስጥ ግን እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ ዕድሜያቸውም ፍላጎታቸውም የተለያየ ሰዎች በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። አንዱ ጠረጴዛ የ1960ዎቹን የኦርኬስትራ ዘፈኖች ሲፈልግ፣ ሌላው አማፒያኖ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የጭፈራ ሙዚቃ ካልሆነ አይነሣም፤ ጥግ ላይ የተቀመጡት ደግሞ የኳሱ ውጤት እንጂ ሙዚቃው ጉዳያቸው አይደለም። በእኔ ግምት ከሦስቱ ከባዱ ባር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅተኛ ክፍያ የሚከፈልበትም እርሱ ነው።

የሀገራችንን ሙዚቃ ማቀላቀል ከውጭው ይልቅ ለምን ይከብዳል?

ይህን ጥያቄ በሰፊው መመለስ ያስፈልጋል፤ ጀማሪዎች ከኢንተርኔት የተማሩት ዘዴ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ዘፈን ላይ ሲደርስ የማይሠራላቸው ለምን እንደሆነ ሳይገባቸው ተስፋ ሲቆርጡ ይታያሉና።

የመጀመሪያው ምክንያት ምቱ ነው። ዲጄዎች የሚጠቀሙባቸው ሶፍትዌሮች በዋነኛነት የተሠሩት አራት አራት እየተቆጠረ ለሚሄድ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ችክችካ የምንለው ምት ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ስድስቱ ቆጠራ ሁለት ጊዜ ሦስት ሆኖም፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ሆኖም ሊሰማ ይችላል። በዚህ ምክንያት አንዱን ዘፈን በደቂቃ 120 ምት ብሎ ያነበበ ሶፍትዌር፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሄደውን ሌላ ዘፈን 180 ወይም 90 ሊለው ይችላል። በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር አምኖ ሁለቱን የሚያጋጥም ሰው የሚያገኘው የተዘበራረቀ ድምፅ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን የሀገር ውስጥ ዘፈን አስቀድሞ በጆሮ ሰምቶ፣ ምቱን በእጅ እየመቱ ማስተካከልና ውጤቱን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ሳምንታት ይወስዳል፤ የሚሠራውም ቀን ቤት ውስጥ ነው፤ ማንም አይከፍልበትም።

ሁለተኛው ምክንያት አቀራረጹ ነው። ከ1960ዎቹና ከ1970ዎቹ የመጡት ዘፈኖች ሙዚቀኞቹ በአንድ ላይ ተቀምጠው ያለ ኮምፒውተር የተጫወቷቸው በመሆናቸው፣ ፍጥነታቸው ከመግቢያው እስከ መጨረሻው አንድ አይደለም፤ ድምፃዊው ሲግል ከበሮውም ይፈጥናል። ውበታቸው ከዚህ የሚመጣ ቢሆንም፣ ሁለቱን እንዲህ ያሉ ዘፈኖች ለረጅም ጊዜ አብሮ ማስኬድ ግን አይቻልም። የአዲስ አበባ ዲጄዎች ከልምድ ያገኙት መፍትሔ ረጅም ቅልቅልን ትቶ አዝማቹ ሲያልቅ፣ መሣሪያው ለአፍታ ጋብ ሲል ወይም ከበሮው ብቻውን ሲቀር በቶሎ መሻገር ነው። ከአራት አራት ወደ ችክችካ ለመግባት ደግሞ፣ የመጀመሪያውን ዘፈን በማስተጋቢያ (ድምፁን እየደጋገመ በሚያጠፋው መቆጣጠሪያ) አደብዝዞ የሁለተኛውን ከበሮ በንጹሕ መጀመር ይሻላል። ሰው አዲሱን ምት በትከሻው ለመቀበል ሁለት ሦስት ሰኮንድ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የየራሳቸው ስሜት ያላቸው ሲሆኑ፣ ሶፍትዌሩ ግን ሁሉንም በምዕራባውያን የሙዚቃ ስልት መለኪያ ለክቶ ስም ይሰጣቸዋል። የተሰጠው ስም አንዳንዴ ይረዳል፣ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። አንቺሆዬ ላይ ሌላ ቅኝት መደረብ ጆሮን እንደሚያውክ የሚያውቀው ሙዚቃውን እየሰማ ያደገ ሰው ነውና፣ በዚህ ረገድ የሀገር ልጅ ጆሮ ከማሽኑ ይበልጣል።

በመጨረሻም የጭፈራው ቅደም ተከተል አለ። ከጎጃምና ከጎንደር እስክስታ ወደ ጉራጊኛ፣ ከዚያ ወደ ኦሮምኛ፣ ወደ ትግርኛ፣ ወደ ወላይትኛ ሲኬድ እያንዳንዱ የተለየ አካል ያንቀሳቅሳል። ጉራጊኛ ፈጣንና አድካሚ ስለሆነ ረጅም ሰዓት አይያዝም፤ ትግርኛው ደግሞ ሰውን ክብ አድርጎ ስለሚያዞር የቤቱን ስፋት ይጠይቃል። ጠረጴዛ በጠረጴዛ ላይ በተደራረበበት ጠባብ ባር ይህን አለማሰብ ብርጭቆ ያስሰብራል።

ዘፈን የሚያስመርጡ ደንበኞችን እንዴት ማስተናገድ ይገባል?

በአክብሮት፣ ነገር ግን የምሽቱን መንገድ ሳይለቁ። ጥያቄውን መቀበል፣ «እሺ፣ ትንሽ ቆይቼ» ማለትና ቦታው ሲደርስ በእርግጥ ማጫወት ከሁሉም የተሻለ ነው። ቃል ገብቶ መርሳት ከመከልከል የባሰ ቅሬታ ይፈጥራል። ገንዘብ አስይዞ አሁኑኑ ይጫወትልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ፣ ሽልማቱን መቀበል ነውር ባይሆንም፣ አንድ ሰው በከፈለው ብር የመላው ቤት ምሽት እንዳይበላሽ ማሰብ የዲጄው ግዴታ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ባለፉት ዓመታት ሀገራችን ካለፈችበት መከራ የተነሣ፣ የአንዱ ወገን ዘፈን ተደጋግሞ የሌላው ሲዘለል ደንበኛ ትርጉም ይሰጠዋል፤ ሞቅ ያለው ደግሞ ጠብ ሊያነሣ ይችላል። ዲጄው የፖለቲካ ይዘት ያላቸውን ዘፈኖች ከባር እንዲያርቅ፣ የጭፈራ ዘፈኖችን ግን ከሁሉም አካባቢ በእኩል አክብሮት እንዲያቀርብ አጥብቄ እመክራለሁ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን ጭፈራ ሲሞክር ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ካሉት ደስታዎች ትልቁ ነው፤ ብዙ ዲጄዎች ክፍያው እያነሰባቸው እንኳ ሥራውን የማይተውት ስለዚህ ነው።

ገቢው አስተማማኝ ነው?

አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ጭንቀት ያድናል። አከፋፈሉ በወር ደመወዝ፣ በምሽት ወይም ከሽያጭ በሚታሰብ ድርሻ ሊሆን ይችላል። በምሽት የሚከፈለው ዲጄ ዓርብና ቅዳሜ ጥሩ ያገኝና ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ፈቶ ያድራል። የወሩ መጨረሻና የደመወዝ ሰሞን ቤቱ ይሞላል፤ ወሩ አጋማሽ ላይ ይቀዘቅዛል። ዋናው ፈተና ግን ጾም ነው። በ55 ቀኑ የዐቢይ ጾም ብዙ ምእመናን መጠጥም ጭፈራም ስለሚተዉ፣ አንዳንድ ባሮች የዲጄውን ቀናት ይቀንሳሉ ወይም ጨርሶ ያሰናብቱታል፤ ሠርግም በዚህ ጊዜ ስለማይኖር ማካካሻ አይገኝም። በተቃራኒው ከፋሲካ በኋላ ያሉት ሳምንታትና የጥር ወር የሠርግ፣ የመልስና የቅልቅል ወቅት በመሆናቸው፣ የዓመቱን ወጪ የሚሸፍነው ገቢ የሚገኘው ያኔ ነው። በክረምት ደግሞ ከውጭ ሀገር ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖች ገበያውን ያነቃቁታል። ስለዚህ በጥርና በግንቦት ከሚገኘው ላይ ለጾሙ ማስቀመጥ የግድ ነው።

የሌሊት ሥራ ከወቅት በተጨማሪ ለመንግሥት ውሳኔም የተጋለጠ ነው። በደርግ ዘመን የነበረው የሰዓት እላፊ የከተማይቱን የምሽት ሙዚቃ ለረጅም ዓመታት አዳክሞታል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመጋቢት 2012 የምሽት ክበቦችና መጠጥ ቤቶች እንዲዘጉ ሲደረግም፣ ዲጄዎች በአንድ ቀን ገቢ አልባ ሆነዋል። በቅርብ ዓመታትም የፒያሳና የካዛንችስ ሰፊ ክፍሎች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ፣ በየሰፈሩ የነበሩ ባሮች አብረው ተነሥተዋል።

የጽሑፍ ውል የሌለው ዲጄ በሕግ ምን መብት አለው?

ብዙዎች ከሚያስቡት የበለጠ መብት አለው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም አይልም፤ በቃል የተቀጠረ ሠራተኛም ሠራተኛ ነው። የሥራው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከሆነ መደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ከሆነ በ2፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ ደግሞ በ2.5 ተባዝቶ ይከፈላል። የበዓል ዋዜማና ዕለት የባር ዲጄ ዋነኛ የሥራ ቀን እንደመሆኑ፣ ይህን የመጨረሻውን ድንጋጌ የሚያውቅ ዲጄ ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል። የተቀጠረ ሠራተኛ ጡረታም ይገባዋል፤ ከደመወዙ 7 በመቶ እርሱ፣ 11 በመቶ ደግሞ አሠሪው ያዋጣሉ።

ይሁን እንጂ የራሱን መሣሪያ ይዞ፣ በራሱ ኃላፊነት፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እየተዘዋወረ የሚሠራ ዲጄ እንደ ተቀጣሪ ላይቆጠርና ከአዋጁ ጥበቃ ውጭ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከሁሉ ይልቅ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልገዋል። የሚሠራባቸው ቀናትና ሰዓታት፣ የክፍያው መጠንና የሚከፈልበት ቀን፣ ምሽቱ ሲሰረዝ ምን እንደሚሆን፣ መሣሪያ በባሩ ውስጥ ቢበላሽ ወይም ቢሰረቅ ማን እንደሚተካ፣ ከሥራ በኋላ ያለው መጓጓዣ በማን ወጪ እንደሆነ በአንድ ገጽ ተጽፎ ሁለቱም ወገኖች ሊፈርሙበት ይገባል። ባለቤቱ ወዳጅ ወይም ዘመድ ከሆነ መጻፉ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ዝምድናንም የሚጠብቀው የተጻፈው ነውና።

ድምፁ ጆሮን ይጎዳል?

አዎን፣ ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 97 ላይ ግማሽ ሰዓት፣ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ለመዝናኛ ቤቶች ያወጣው መመዘኛ፣ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ይህ ግን በዋናነት ለተዝናኙ የታሰበ ነው፤ በሳምንት አምስት ሌሊት ስፒከር ሥር ለሚቆም ሠራተኛ 100 ዴሲቤል እጅግ ብዙ ነው።

ጉዳቱ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ብዙዎች አያስተውሉትም። ከሥራ በኋላ ጆሮ ውስጥ የሚቀር ጩኸት፣ በማግስቱ የሰው ንግግር እንደ ታፈነ ሆኖ መሰማት፣ ሙዚቃው ያልጮኸ እየመሰለ ድምፁን በየሳምንቱ ከፍ ማድረግ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው። ጥጥ መወተፍ በቂ ጥበቃ አይሰጥም። ለሙዚቀኞች የተሠራው የጆሮ መሰኪያ ከጎርናናው እስከ ቀጭኑ ድምፁን በተመጣጠነ መልኩ ስለሚቀንስ፣ ዲጄው እየተጠበቀ በትክክል መስማት ይችላል። የሞኒተሩን ስፒከር፣ ማለትም ዲጄው ራሱ የሚሰማበትን፣ ወደ ጆሮ አቅጣጫ ማቅረብና ዋናዎቹን ስፒከሮች ከዲጄው ማራቅም ብዙ ይረዳል፤ ሞኒተሩ ሲቀርብ ማስጮህ አያስፈልግምና። በስልክ ላይ የሚጫን የድምፅ መለኪያ ፍጹም ባይሆንም፣ ሁኔታውን ለባለቤቱ ለማሳየት ይጠቅማል።

ድምፅን መቀነስ ለጎረቤትም ይጠቅማል። በሀገራችን የአካባቢ ድምፅ መመዘኛ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሌሊቱ ወሰን 45 ዴሲቤል ነው። የሳብዉፈሩ (የጎርናናው ድምፅ ስፒከር) ድምፅ ግድግዳ አልፎ ሕፃናትንና በሽተኞችን እንቅልፍ ሲነሣ ቅሬታው ወረዳ ይደርሳል፤ ባሩ ሲታሸግ ደግሞ ዲጄው እንጀራውን ያጣል።

እንቅልፍ፣ መጠጥና ጫትስ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሥራ የጨረሰ ሰው ቤቱ ደርሶ እስኪተኛ ሊነጋጋ ይችላል፤ ቀን የሚተኛውም እንቅልፍ ብርሃንና የመንገድ ጫጫታ ስለሚያውከው ያጥራል። ድካሙን ለመቋቋም ከሰዓት በኋላ ጫት፣ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ የሚወስዱ አሉ፤ ይህ ዙር ከተጀመረ ለመውጣት አስቸጋሪ ነው። ባር ውስጥ መጠጥ በነፃ ይቀርባል፣ ደንበኛም በደስታ ይጋብዛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ሥራ ላይ አልጠጣም» ማለት ይቻላል፤ ሰው ሲለምደው ያከብረዋል። ግብዣውን በውኃ ወይም በለስላሳ መቀበልም ማንንም አያስከፋም። ሲጋራን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጉ የሕዝብ መገልገያ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ባሮችም በዚሁ ይካተታሉ። ስለዚህ ዲጄው ጭሱ እንዲቆምለት ሲጠይቅ ውለታ እየለመነ አይደለም።

ለመጀመር የትኛው መሣሪያ ያስፈልጋል?

ጥሩ ላፕቶፕ፣ መካከለኛ ኮንትሮለር (ሶፍትዌሩን በእጅ መቆጣጠሪያ)፣ የሚያስተማምን የጆሮ ማዳመጫና በሁለት ቦታ የተቀመጠ የሙዚቃ ክምችት ይበቃሉ። ስፒከሩንና ሚክሰሩን ባሩ ያቀርባል። ለአዲስ አበባ ልዩ የሆነው ጥንቃቄ የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ ነውና፣ ከሌላው ዕቃ በፊት ኃይሉን የሚያመጣጥን ስታቢላይዘር መግዛት ይመከራል።

ሴት ዲጄዎች የሚገጥሟቸው ችግሮች የተለዩ ናቸው?

የተለዩም የበዙም ናቸው። ችሎታቸው ከመልካቸው ቀጥሎ ይታያል፤ ሰክሮ ወደ ማጫወቻው የሚጠጋ ደንበኛ ይበዛባቸዋል፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ወደ ቤት መመለስ ደግሞ በራሱ ሥጋት ነው። ይህን መከላከል የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። የዲጄው ቦታ ከፍ ብሎ ከደንበኛ የተለየ መሆን፣ ጥበቃው ዲጄዋን እንዲያይ መታዘዝ፣ የታወቀ ሾፌር በባሩ ወጪ እንዲያደርሳት መደረግ ይኖርበታል። እነዚህን ለማሟላት ፈቃደኛ ያልሆነ ቤት ክፍያው የቱንም ያህል ቢሆን ሊሠራበት አይገባም።

በባር ውስጥ ለሚጫወት ዘፈን ለባለመብቱ መክፈል ያስፈልጋል?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ሥራዎችን ለሕዝብ ማሰማት የባለመብቶች መብት መሆኑን ይደነግጋሉ። ክፍያው በዋናነት የሚመለከተው ከሙዚቃው የሚያተርፈውን የንግድ ቤት ቢሆንም፣ ዲጄውም ሙዚቃውን ገዝቶ መጠቀም አለበት። ከድምፃዊውና ከአቀናባሪው ድካም የሚኖር ሰው፣ የእነርሱ ድካም እንዲከፈል ቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በውጭ ሀገር በሐበሻ ባሮች መሥራት ይሻላል?

ክፍያው በአብዛኛው ይሻላል፤ ሥራው ግን በቂ ስለማይሆን ብዙዎች ቀን ሌላ ሥራ ይሠራሉ። በዋሽንግተን ዲሲ መጠጥ የሚሸጥበት ሰዓት በሥራ ቀናት ሌሊት 8 ሰዓት፣ ዓርብና ቅዳሜ 9 ሰዓት ላይ ስለሚያበቃ፣ ምሽቱ የተጠቀጠቀና ፈጣን ነው። ደንበኛው ከሀገሩ በወጣበት ዘመን የነበሩትን ዘፈኖች አጥብቆ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ደግሞ አፍሮቢትና ሂፕሆፕ ይጠይቃሉ። በ1984 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየክረምቱ በሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ሳምንት፣ በአስተናጋጇ ከተማ የሚደረጉት የምሽት ዝግጅቶች ለዲጄዎች የዓመቱ ትልቁ ገበያ ናቸው።

በዚህ ሙያ እስከ ስንት ዓመት መሥራት ይቻላል?

ሕግ ያስቀመጠው ወሰን የለም፤ ጆሮውንና እንቅልፉን የጠበቀ ሰው ረጅም ጊዜ ይቆያል። ትዳርና ልጅ ሲመጣ ግን በሳምንት አምስት ሌሊት ውጭ ማደር ይከብዳል። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ምሽቱን ወደ ዓርብና ቅዳሜ ይቀንሱና ወደ ሠርግ፣ የድምፅ መሣሪያ ወደ ማከራየት፣ ወደ ሬዲዮ ወይም ወደ ሙዚቃ ማቀናበር ይሸጋገራሉ። ሽግግሩ የሚቀለው ገና በባር ሳሉ ለጀመሩት ነው፤ ስለዚህ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ በቀን የሚሠራ አንድ ተጓዳኝ ሙያ መማር፣ የሠርግ ደንበኞችን ስልክ መዝግቦ መያዝና ከእያንዳንዱ ጥሩ ወር ላይ ለራስ ስፒከር መግዣ የሚሆን ገንዘብ መቆጠብ ይመከራል።